ልጅ የሌላት አራስ

ዛሬ ምክር ከመስጠቴ በፊት የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ዓመት ይህ ዓምድ ስምንት ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ጋዜጣው “ዓምደኛችን ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ስለሄደች ነው” ብሎ ይቅርታ ጠየቃችሁ። ዋና አዘጋጁ አልዋሸም፤ የነገርኩትን ነው የጻፈው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። ጡቴን በኦፕራሲዮን አስተልቄ፣ ተበላሽቶብኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። በየሳምንቱ “አትደብቁ፣ ተነጋገሩ” እያልኩ የምመክራችሁ ሴትዮ!

ይህን ለመጻፍ ድፍረቱን ያገኘሁት በቀደም ከደረሰኝ አንድ መልእክት ነው። ላኪዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ነገሩ አጭር ነው፤ “ጡቴን ለማስተለቅ ቀን ይዣለሁ። በስንት ቀኔ ሥራ እገባለሁ? ደግሞስ አብራኝ የምትኖረው እናቴ ሳታውቅብኝ የማገግምበት ዘዴ አለ ወይ?” ትላለች።

እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ አለው፤ እመጣበታለሁ። ሁለተኛውን ግን እኔ በገዛ ገላዬ ሞክሬዋለሁና መጀመሪያ እሱን ላውጋሽ።

“ሰሌዳ”

ለምን አደረግሽው? የሚለኝ አይጠፋም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች “ሰሌዳ” የሚል ስም አወጡልኝ። ከፊትም ከኋላም አንድ ነሽ ማለታቸው ነው። ትምህርት ቤቱን ጨርሼ ወጣሁ፣ ስሙ ግን አብሮኝ ወጣ። ባል አላስገደደኝም፣ ፍቅረኛ አልተወኝም። መስታወት ፊት ስቆም ያ ስም ይሰማኛል፤ በቃ። ሦስት ዓመት ቆጠብኩ፣ ሐኪም አፈላለግሁና ኢስታንቡል ሄድኩ። ለቢሮ ሥልጠና አልኩ፣ ለእናቴ ሥልጠና፣ ለታናሽ እህቴም ሥልጠና።

ሁለት ምጣድ ደረቴ ላይ

ስለ ኦፕራሲዮኑ የማወራላችሁ የለኝም። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቼ ነበር፤ ከሁለት ሰዓትም አልበለጠም። ወሬው የሚጀምረው ስነቃ ነው። ሲልከኑን ያስገቡት ከደረት ጡንቻ ሥር ነው። ጡንቻው ደግሞ ያለ ልማዱ ሲወጠር ይቆጣል። ስለት የሚወጋ ዓይነት ሕመም አይደለም። ሁለት ምጣድ ደረትሽ ላይ ጭነው በመቀነት ጥፍር አድርገው ያሰሩሽ ነው የሚመስለው። በረጅሙ መተንፈስ ያቅታል። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን መክፈት ያቅታል። ከአልጋ ስትነሺ በእጅሽ መደገፍ የለም። በጎን መተኛትም የለም፤ ሦስት ትራስ ተደርድሮ በጀርባ፣ ቀና ብሎ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፋሻው ተፈትቶ ራሴን ሳይ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጡቶቼ አንገቴ ሥር ተሰቅለዋል። ተወጥረው ያብረቀርቃሉ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል፣ ቆዳው በልዟል። የግራው ጫፍ ደንዝዟል፤ የቀኙ ደግሞ ሸሚዝ ሲነካው ያቃጥላል። ለዚህ ነው እንዴ ሦስት ዓመት የቆጠብኩት? ሐኪሙ ግን ረጋ ብሎ “አሁን የምታዪው እብጠቱን ነው። ጡንቻው ሲላላ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ሦስት ወር ሳይሞላሽ አትፍረጂ” አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ሰሞን የሚመጣውን ድብርት ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሕመሙ፣ ማስታገሻው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብቸኝነቱ ተደማምሮ ሰው ያስለቅሳል። ያልፋል፤ ግን እንደሚመጣ አውቆ መጠበቅ ይሻላል።

ስወጣ ነርሷ ወረቀቶቼን እየሰጠችኝ “ቤት ማን ይጠብቅሻል?” አለችኝ። “እናቴ” አልኳት። ደስ አላት። እኔም አልዋሸሁም። ደግሞም ዋሽቻለሁ።

ውሃ መጣች!

ፈቅደውልኝ በስምንተኛው ቀን ተሳፈርኩ። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ የሚያጠብቅ ካልሲ አጥልቄ፣ በየሰዓቱ እየተነሣሁ አውሮፕላኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ቦሌ ደረስኩ። ሻንጣዬን ሰው ተሸከመልኝ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ቤት ገብቼ ጋቢ ለበስኩና ውሸቱን ጀመርኩ። “ምነው ጋቢ በዚህ ሙቀት?” “ብርድ መትቶኝ ነው።” “እስቲ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰፌዱን አውርጂልኝ።” “ትከሻዬ ደንዝዟል እማዬ፣ ኮምፒውተር ላይ ስውል ነው።” ታናሽ እህቴ ፀጉሬን ልሥራሽ ብላ ክንዴን ቀና ስታደርገው ጮህኩ፤ “እንቅልፍ አጣሞኝ ነው” አልኩ። ታክሲ ውስጥ በሩን ሳቢው ሲሉኝ ስልክ የማወራ መሰልኩ። መድኃኒቶቼን ቦርሳዬ ውስጥ፣ የሲልከኑን ካርድ ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሸጎጥኩት። ዘዴኛ ነበርኩ ስላችሁ!

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ግቢው ውስጥ “ውሃ መጣች!” የሚል ድምፅ ተሰማ። በፈረቃ ሰፈር የሚኖር ያውቀዋል። ፎቁ ላይ ግፊቱ አይደርስም፤ ከታች ተቀድቶ ነው የሚወጣው። እህቴ አልገባችም ነበር። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ቢሆንም ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ወረደች። ቀድታ ስታበቃ ከታች ሆና ጠራችኝ። “ልጄ፣ አንዷን ብቻ አግዢኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።”

አሁን ምን ይባላል? ጉልበቷን የታመመች እናት ሃያ ሊትር ይዛ ደረጃ ላይ ቆማ፣ እኔ “ትከሻዬ ደንዝዟል” ልበል? ወረድኩ። አነሣሁት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ በግራ በኩል ውስጤ የሆነ ነገር ለቀቀ። ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ጀሪካኑን ቤት አደረስኩና መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ግራው ከቀኙ ይበልጥ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ቆዳው ሊተረተር ደረሰ። እናቴ ስቃስት ሰምታ ገባች። “ጎኔን ብርድ መታኝ” አልኳት። አያችሁ፣ እዚያም ላይ ሆኜ እዋሻለሁ! እሷም ፌጦ ወቅጣ፣ ቅባት አሙቃ ልታሸኝ መጣች። እጇን ወደ ጎኔ ስትሰድ ያዝኳት።

“እማዬ፣ ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ።”

“ምንሽን?”

ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ጋቢውን ገለጥኩላት።

አልጮኸችም። አልረገመችኝም። ለጥቂት ጊዜ አየችኝና ወደ ሳሎኑ ዞራ እህቴን “ነጠላዬን አቀብዪኝ፣ ታክሲ ጥሪ” አለቻት።

ሆስፒታል የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው። ስንተኛ ቀንሽ ነው? ከጡንቻ በላይ ነው ከሥር? ካርዱ የት አለ? “መዝገበ ቃላት ውስጥ” ስል ሐኪሙ የምቃዥ መሰለው። እህቴ ተመልሳ አመጣችው። በአልትራሳውንድ ሲያዩት በሲልከኑ ዙሪያ ደም ተጠራቅሟል። ሌሊቱን ከፍተው ደሙን አወጡ፣ ውስጡን አጠቡ፣ የሚደማውን ሥር ዘጉ፣ ሲልከኑን መልሰው ማፍሰሻ ቱቦ ተከሉልኝ። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ “እንዲህ ያለው ነገር ሰዓት አይሰጥም። እንዳበጠ ወዲያው ነበር መምጣት የነበረብሽ” አለኝ። እነዚያን ሦስት ሰዓታት በር ዘግቼ ያሳለፍኳቸው ሐኪም አጥቼ አይደለም። ሚስጥሬን ስጠብቅ ነው።

“ማን ወለደ?”

እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታመጣለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች፣ ዝም። የምትቆጣኝ በጡቴ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤

“ያንን ጀሪካን ያሸከምኩሽ እኔ ነኝ። እንዳላውቅ አደረግሽና በገዛ እጄ አስጎዳሽኝ።”

እኔ ሚስጥር የራስ ገመና ነው፣ ማንንም አይነካም እል ነበር። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ጀሪካን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ኦፕራሲዮኑ የኔ ምርጫ ነበር። ይህንን ግን እሷ አልመረጠችውም።

ከዚያ በኋላማ አረሰችኝ! አጥሚት ጠዋት፣ ገንፎ በቅቤ ከሰዓት፣ በመሐል የዶሮ ሾርባ። ክንዴን ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሣ ልብሴን ታለብሰኛለች፣ ጫማዬን ታስራለች፣ ፀጉሬን ታበጥራለች። የገንፎው ሽታ ኮሪደሩን ሲያውደው ጎረቤታችን በሩን አንኳኩታ “ማን ወለደ?” ብላ ጠየቀች። እናቴ “ልጄ ታማብኝ ነው” አለቻት። ሴትዮዋም ዝርዝር ሳትጠይቅ በማግስቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ በልጇ አሸክማ ላከችልን። ለካ ሚስጥሩን ሁሉ ዘርዝሮ ለመንደሩ መንገር አያስፈልግም። “ታማለች” የሚለው ብቻ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ

እህቴ፣ ይህ ሕክምና የትናንት አይደለም። የመጀመሪያው የሲልከን ከረጢት ለሴት የተገጠመው አሜሪካ፣ ሂውስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሲሠራበት ስለኖረ የማገገሚያው መንገድ በደንብ ይታወቃል። የራስሽ ሐኪም የሚልሽ ይቀድማል፤ በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት፦ ሕመሙና እብጠቱ የሚበረታው አሁን ነው። ብቻሽን መሆን የለብሽም፤ በተለይ የመጀመሪያውን ሌሊት። ማስታገሻውን እንደታዘዘልሽ ውሰጂ። አስፕሪንና የመሳሰሉትን ግን ደም ስለሚያቀጥኑ ሳትጠይቂ አትዋጪ። ቤት ውስጥ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፤ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ወንበር ላይ የሚሠራ ሥራ ከሆነ ብዙዎች ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ይመለሳሉ። ቆሞ መዋልና ዕቃ ማንሣት ያለበት ሥራ ከሆነ ግን ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪምሽ የሥራሽን ስም ብቻ ሳይሆን የምትሠሪውን ንገሪው። በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ለጊዜው ተዪ፤ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሸሚዝ አዘጋጂ። መኪና መንዳት ማስታገሻው እስኪያልቅና መሪውን ያለ ሕመም እስክትጠመዝዢ ድረስ ይቆይ።

እስከ 6ኛው ሳምንት፦ ሐኪሙ የሚሰጥሽን ደጋፊ ጡት ማስያዣ ቀንም ሌሊትም ታደርጊያለሽ። ጀሪካን፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ የእህትሽን ሕፃን፣ ምንም ከባድ ነገር አታነሺም። ጂም የለም። የሚያንገጫግጭ ባጃጅ ቢቀር ይመረጣል። ሲጋራና ሺሻ ከኦፕራሲዮኑ ሳምንታት በፊት ጀምሮ ይቆማል፤ ጭሱ ለቁስሉ የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ ስፌቱ ቶሎ አይድንም። በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ማር፣ ቅጠል የሚባል ነገር እንዳይነካው። ገንፎውን ብዪው እንጂ አትቀቢው!

ከ3 ወር እስከ ዓመት፦ ቅርጹ ቦታውን የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው። የመደንዘዙ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ የማይመለስላትም አለች። ጠባሳው መጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከፀሐይ ጠብቂው። ያበጠ ጠባሳ የሚያወጣ ቆዳ ካለሽ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተናገሪ፤ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል።

አሁን የምጽፈውን ቆርጠሽ አስቀምጪው። አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ትኩሳትሽ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ መቅላትና ማቃጠሉ እየሰፋ ከሄደ፣ ከስፌቱ መግል ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ፣ አንዱ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ “እስከ ጠዋት ልየው” የለም። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል!

ካርዱ

ሲልከኑን ሲያስገቡልሽ የአምራቹ ስም፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥሻል። ካልሰጡሽ ጠይቂ። የት እንዳለ የሚያውቅ ሌላ ሰውም ይኑር። ለምን መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በ2010 ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲልከን ከረጢቶቹን ሲሞላ ተደርሶበት ምርቱ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ገጻቸው ሸካራ የሆኑ ከረጢቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ በከረጢቱ ዙሪያ ከሚነሣ፣ እምብዛም ከማያጋጥም የሊምፎማ ካንሰር ጋር ስለተያያዙ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ካርዷን የያዘች ሴት “የኔ ነው ወይስ አይደለም?” ብላ ታያለች። ካርዷን የጣለች በጭንቀት ታድራለች።

ሌላም ልንገርሽ። ሲልከን የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። ሊቀደድ ይችላል፤ ዙሪያውን የሚሠራው ጠባሳም ጠንክሮ ሊጨብጠው ይችላል። ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ሌላ ኦፕራሲዮን የማስፈለጉ ዕድል ይጨምራል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሴቶች ይህን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በጽሑፍ እንዲያውቁ አስገድዷል። በሲልከን የተሞላው ከሆነ ሕመም ባይኖርም ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. መታየት፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ መደገም ይኖርበታል። ጡት ማጥባት ብዙዎች ይችላሉ፤ ወተቱ የሚያንስባቸውም አሉ። ለጡት ካንሰር ምርመራ ስትሄጂ ደግሞ ሲልከን እንዳለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ አነሣሡ ይለያልና። አየሽ፣ ይህ ነገር ለስድስት ሳምንት ብቻ የሚደበቅ አይደለም። ዕድሜሽን ሙሉ ለሐኪም የምትናገሪው ነው። መናገሩን ከዛሬ ልመጂ።

ተጸጽተሻል ወይ? ለምትሉኝ፣ በኦፕራሲዮኑ አልተጸጸትኩም። ዛሬ መስታወት ፊት ስቆም “ሰሌዳ” የሚለው ድምፅ አይሰማኝም። ግራው ጡቴ ከቀኙ ትንሽ ይጠነክራል፤ ያ የጀሪካኑ ማስታወሻ ነው። እናቴም ስለ ጡቴ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም፤ የወደደችው አይመስለኝም። ክትትል ያለብኝን ቀን ግን ከኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች።

እንግዲህ እህቴ፣ እናትሽ ሳታውቅ የምታገግሚበት ዘዴ ላልሽው፣ እናትሽን የምታውቂያት አንቺ ነሽ። በፍጹም የማይነገራት ከሆነች ሁለት ሳምንቱን እሷ ቤት አትሁኚ። ሁሉን የነገርሻት ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ዘንድ ሁኚ፤ የተሠራሽውን፣ የሐኪምሽን ስልክ፣ ካርዱ ያለበትን የምታውቅ፣ ሌሊት በርሽን የምትከፍት አንዲት ሰው ትኑርሽ። እንዲህ ያለች ሰው ከሌለችሽ የያዝሽውን ቀን አራዝሚው፤ ሐኪሙ የትም አይሄድም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለእናትሽ መንገር ነው። ትቆጣለች፤ ምናልባትም ሁለት ቀን አታናግርሽም። ውሃ ሲመጣ ግን “አንቺ ተቀመጪ” ትልሻለች።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ፣ ሁላችሁም ቸር ሰንብቱ።